ሶፋ ሠሪው ጂሩና አልቀመጥ ያለው ጉልበቱ

በነቀምቴ ከተማ ጂሩ በሠራው ሶፋ ላይ ተደላድሎ ያልተቀመጠ ሰው ቢፈለግ መጀመሪያ የሚገኘው ራሱ ጂሩ ነው። የሙሽራ ሶፋ ይሠራል፣ የቢሮ ሶፋ ይሠራል፣ ለባለሥልጣን የሚሆን፣ ሲቀመጡበት የሚውጥ ሶፋ ይሠራል። እሱ ግን በበርጩማው ጫፍ ላይ እንደ ዶሮ ሰፍሮ ይውልና በበሩ የሰው ጥላ ሲያልፍ ብድግ ይላል። ለሽማግሌ ብድግ፣ ለወንጌላዊ ብድግ፣ ለውኃ ቆጣሪ አንባቢ ብድግ። «ኖር!» ይላል በአማርኛ። «ታኣ፣ ታኣ!» ይሉታል በኦሮምኛ፣ ቁጭ በል ለማለት። በየትኛውም ቋንቋ ቢለመን አይቀመጥም። መቀመጥ የሰፊው ሕዝብ መብት መሆኑን የሚያውጅ በራሪ ወረቀት ቢበተን እንኳ ጂሩ ወረቀቱን የሚያነበው ቆሞ ነው።

ጉዳዩን ከሥር መሠረቱ እንመርምረው። ጂሩ የዲጋ ገጠር ልጅ ነው። በዚያ አገር ሰው ለሶዳው፣ ማለትም ለአማቱ፣ ተቀምጦ አይታይም፤ መተኛትማ የሚታሰብ አይደለም። ይህ ሳያንሰው ያገባት መታሰቢያ ወላጆቿ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው አንገር ጉቲን የሰፈሩ ናቸው። እናቷ ወይዘሮ ዓባይነሽ ደግሞ የልጃቸውን ባል ሲያነጋግሩ ከ«እርስዎ» በታች ቃል ከአፋቸው አይወጣም። እንግዲህ የዲጋ አክብሮትና የወሎ አክብሮት በአንድ ጣሪያ ሥር ተጋቡ። ውጤቱን ለመገመት ሊቅ መሆን አያሻም። ወይዘሮ ዓባይነሽ ነቀምቴ ልጃቸውን ሊጠይቁ ሲመጡ ጂሩ እስኪሄዱ ይቆማል። እሳቸውም «ምስኪን፣ ይቀመጥ» ብለው ቶሎ ይሄዳሉ። እሱም ቶሎ ሲሄዱ «ቅር አሰኘኋቸው» ብሎ ሲብሰለሰል ይሰነብታል። በትዳሩ ዘመን ሁሉ አማትና አማች አንድ ቀን እንኳ ፊት ለፊት ተቀምጠው ወግ አልያዙም። ይህን ሰው ሁሉ ጨዋነት ይለዋል። እኔ የማወጣለት ስም የለኝም።

ልቡን ያመመው ባለሦስት መቀመጫ ሶፋ ፎቅ ሲያወጣ ነው። ደረጃው መሀል ደረቱ ላይ ሰው የተቀመጠበት መሰለው። ሶፋ ሠሪ ሆኖ ስንት ዓመት ኖሮ ሶፋ መሆን ምን እንደሆነ የገባው ያን ቀን ነው። ጎረቤት ወዲያው የሕክምና ጉባኤ ተቀመጠ። አንዱ ጨጓራ ነው አለ፣ አንዱ ብርድ ነው አለ፣ አንዷ ነጭ ሽንኩርት ይዋጥ አለች። በአጠገቡ የበርና የመስኮት እንጨት የሚሠራው ጓደኛው ጆቴ ብቻ የተለየ አቋም ያዘ።

«ልብህ እንኳ ሰልችቷት ነው» አለው። «ስንት ዓመት ሙሉ ቁም ቁም ስትላት፣ አሁን እኔስ አልቀመጥም ወይ እያለችህ ነው።»

ነቀምቴ ያሉ ሐኪሞች የልቡን ምት በወረቀት አይተው አዲስ አበባ ላኩት። እዚያ አንጂዮግራም የሚባል ምርመራ ታዘዘለት። ቀጭን ቱቦ በደም ሥር አስገብተው እስከ ልብ እየገፉ፣ ቀለም እየለቀቁ የልብን ደም ሥሮች ፎቶ የሚያነሡበት ነው። ጂሩ ይህን ሲሰማ ከመፍራቱ በፊት ገረመው። እንጨት ሠራተኛ ነዋ! የነገሩን አሠራር ሁሉ ካልጠየቀ አይሆንለትም።

«በእጄ አንጓ ገብታችሁ ልቤ ትደርሳላችሁ?» አለ።

«እንደርሳለን» አለው ሐኪሙ።

«መታጠፊያ አያስቸግራችሁም?»

አስቸገራቸው። የእጁ ደም ሥር ቀጭን ኖሮ ቱቦው ሲነካው ይበልጥ ተኮማተረ። ስለዚህ ቀኝ ብሽሽቱን ላጭተው፣ አደንዝዘው፣ በዚያ ገቡ። ቀለሙ ሲለቀቅ ከደረቱ እስከ ጭኑ ትኩስ ነገር ወረደበትና «ሸናሁ እንዴ?» ብሎ በሐፍረት አንሶላውን ዳበሰ። ደረቅ ነው። ከዚያ ቀና ብሎ ስክሪኑን ቢያይ የገዛ ልቡ የደም ሥሮች እንደ ዋንዛ ሥር ተዘርግተው ይርገበገባሉ። አንዱ ቦታ ጠበብ ብሏል፤ ሌላው ደህና ነው። በኪኒን ይያዛል፣ አስፕሪንህን ዋጥ፣ ከባድ ነገር አትሸከም ተባለ። ልቡ በሰላም ወጣች። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ የሚተርከው ሰው ባልኖረ።

ክፍሉ ከተመለሰ በኋላ ነርሷ ቱቦውን አውጥታ ቀዳዳውን በእጇ አጥብቃ ጫነች፣ አሸገች፣ የአሸዋ ከረጢት አስቀመጠችበት። «እግርዎን አያጥፉ። ጭንቅላትዎን ቀና አያድርጉ። የተወጋው ትልቅ ደም ሥር ነው፣ ገና አልደረቀም» አለችው። ሁሉንም ነገረችው፤ አንድ ነገር ብቻ ቀረ። አማትህ ብትመጣ እንዳትነሣ አላለችውም። ከየት ታምጣው? መመሪያው የተጻፈው አማት ስትገባ ቴሌቪዥን እንኳ በማይዘጋበት አገር ይመስላል፤ ተገልብጦ መጥቶ የዲጋ ልጅ ላይ ተነበበ።

መታሰቢያ መድኃኒት ልትገዛ ወጥታ ነበር። በሩ ተከፈተና «እንደምን ዋላችሁ?» የሚል ድምፅ ገባ። ወይዘሮ ዓባይነሽ! ከአንገር ጉቲን በዚያ መንገድ ተንገጫግጠው ነቀምቴ፣ ከነቀምቴ አዲስ አበባ፤ አማቻቸውን ሊጠይቁ። ጂሩ አላሰበም። ጉልበቱ ነው ያሰበለት። ያ አድኃሪ ጉልበት!

«ኖር!» ብሎ ብድግ አለ፤ የአሸዋው ከረጢት ወለሉ ላይ ዱብ።

«በእግዚአብሔር! በእመብርሃን ይዤዎታለሁ፣ ይተኙ!» አሉ ወይዘሮ ዓባይነሽ። ፊታቸው ግን በርቷል። የሚካድ አይደለም፣ በርቷል።

ጭኑ ላይ ሞቅ ያለ ነገር ሲፈስ ጂሩ ብርድ ልብሱን ሳብ አድርጎ ሸፈነው። ነርሷ በጩኸት ደረሰች፤ «ጋሼ፣ ምን ነካዎት!» ብላ አስተኛችውና እንግዳዋን ወደ ውጭ መራች። ተጭና፣ ተጭና፣ ደሙን አቆመችው። በማግስቱ ቦታው ጠቁሮ፣ ግን ጸጥ ብሎ፣ «ካበጠ ወይም ካመመዎት ዛሬ ነገ ሳይሉ ይምጡ» ተብሎ ተሸኘ። አማትየው ያዩት መነሣቱን ነው። ደሙን አላዩም።

ያላዩት ነገር ደግሞ ወሬ አይከለክልም። ወይዘሮ ዓባይነሽ አንገር ጉቲን ገብተው በሰንበቴው ላይ አወጁ። «አማቼ ልቡን ሊመረመር ተኝቶ ሳለ ተነሥቶ ተቀበለኝ!» ወሬው ወደ ነቀምቴ ሲመለስ ልቡ ተከፍቶ ሳለ ነበር የተነሣው። ገበያ ሲደርስ ልቡን በእጁ ይዞ ነው። እናቶች ለልጆቻቸው ባሎች ምሳሌ አደረጉት። በጂሩ ስም ስንት ምስኪን አማች ከምሳው ላይ ሲነሣ እንደከረመ ቆጥሮ የሚያቀርብ ጥናት ቢኖር ባነበብኩ።

ጂሩስ? ጂሩ ከአዲስ አበባ በተመለሰ ሰሞን የጭኑ ጥቁረት ወይን ጠጅ ሆነ፣ ከዚያ አረንጓዴ ሆኖ ወደ ጉልበቱ ወረደ። ብሽሽቱ ላይ ግን አንድ እብጠት ቀረ። መጀመሪያ የቡና ፍሬ አከለ፣ ቆይቶ የእንቁላል መጠን ያዘ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ውስጥ ጨርቅ ሲወጥር ኪሱ ነዘረ። ስልኩን ሊያወጣ እጁን ሰደደ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነው።

ጆቴ ይህን አየ። ጆቴ ያየውን ትቶ የሚያልፍ ፍጥረት አይደለም።

«ያ ጂሩ!» ብሎ በኦሮምኛ ጠራው። «ምንድን ነው የሚነዝርህ?»

«ምንም።»

«ምንም አይነዝርም። ሁለተኛ ስልክ ገዛህ? መታሰቢያ ታውቃለች?»

ጂሩ በሩን ገርበብ አደረገና በሹክሹክታ ነገረው። የጆቴን እጅ ይዞም በሱሪው ላይ አስነካው። ጆቴ ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ራዲዮ ጣቢያ ፈላጊ አዳመጠ። ከመዳፉ ሥር ነገሩ ከልብ ምቱ ጋር እኩል ዱብ ዱብ ይላል፤ በዱብ ዱቡ መሀል ደግሞ ቀፎ ውስጥ እንደገባ ንብ ይነዝራል።

«ኧረ! ሕያው ነው እኮ!» አለ ጆቴ እጁን ነጥቆ። ከዚያ መልሶ አስቀመጠው። «ይገርማል። መቼ ነው የጀመረህ?»

«ለአማቴ የተነሣሁ ጊዜ ደም ፈሶኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው።»

«ታዲያ ሐኪም ቤት አትሄድም?»

«ምን ብዬ? ብሽሽቴን ገልጬ፣ ምን ሆንክ ሲሉኝ ለአማቴ ተነሣሁ ልበል? ሴትዮዋ በየሰንበቴው ተነሣልኝ እያሉ የኩራት ራታቸውን እየበሉበት ነው። በሽታው ከዚያ መጣ ማለት እሳቸውን ገደሉኝ ማለት ነው። አልልም።»

ጆቴ ሲቀልድ የኖረ ሰው ነው፤ አሁን ግን ሳይቀልድ ተናገረ። «ይሄ ነገር ፈንድቶ ብትሞትስ? ቀብርህ ላይ ምን ብለው ያልቅሱ? ለእኔ ተነሥቶ ሞተ ብለው?»

ጂሩ ጨርቁን ወደ መወጠር ተመለሰ። በክርክር የተረታ ሰው ሐኪም ቤት ይሄዳል ማለት አይደለም። እብጠቱ እያደገ፣ እሱ እያነከሰ፣ መታሰቢያ «ልብህ ነው?» ስትለው «አዎ ልቤ ነው» እያለ ከረመ። ይህ አቋም በግለ ሂስ ታርሞ አያውቅም። ያረመው ሕመሙ ነው። አንድ ጠዋት እግሩን መሬት ማስነካት አቃተው፤ ጆቴ ለመታሰቢያ እውነቱን ግማሹን፣ ብሽሽቱ ማበጡን ብቻ፣ ነገራት። ባጃጅ ተጠርቶ ነቀምቴ ካሉት ሐኪም ቤቶች ወደ አንዱ ወሰዱት።

የተቀበለው ዶክተር ሮብሳን ድምፁ ዝግ ያለ ወጣት ነው። እብጠቱን በመዳፉ ነካ፣ ፊቱ ተለወጠ፣ የአልትራሳውንዱን መመርመሪያ ቀብቶ አስቀመጠበት። ስክሪኑ ላይ ቀይና ሰማያዊ ቀለም እየተሳደደ ይሽከረከራል። ጂሩ ሕመሙን ረስቶ አንገቱን አሰገገ።

«ዶክተር፣ ይሄ እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት፣ ኦቦ ጂሩ። የተወጋው ደም ሥር ቀዳዳው አልተደፈነም። ደሙ እየወጣ ሥጋ መሀል ጎጆ ሠርቷል። ይኸው ይገባል፣ ይዞራል፣ ይመለሳል። የሚነዝርዎ ይሄ ነው። ይህቺ ቀጭኗ ደግሞ የጎጆው አንገት ናት።»

«ጎጆው ቢፈርስስ?»

«እንዲፈርስ አንጠብቀውም» አለ ዶክተሩ። ቀጥሎ የማይቀረውን ጠየቀ። «ምርመራው ያለቀ ቀን ተነሥተው ነበር?»

«አልተነሣሁም» አለ ጂሩ።

መታሰቢያ ከራስጌው ቆማለች። «እንዴ!» አለች። «ለእናቴ ተነሥተህላት የለም እንዴ? አንገር ጉቲን ሙሉ የሚያወራው ምን ሆነና!» ኮራ ብላ ነው የተናገረችው። ከዚያ የዶክተሩን ፊት አየች። ከዚያ ስክሪኑን አየች። ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች።

ይህን ልብ በሉልኝ። የበሽታው መንስኤ አልተደበቀም። ለወራት በአደባባይ ሲወራ፣ ሲጨበጨብለት ነበር። ሁለት ወረዳ ሕዝብ ያውቀዋል፤ መንስኤ መሆኑን ከጂሩ ሌላ ያወቀ ግን አንድ ጆቴ ነበር። የበሽታን ምክንያት ምስጋና ውስጥ የሚፈልግ ሐኪም ከየት ይመጣል?

ዶክተር ሮብሳን ፍርድ አልሰጠም። ሳይነሡም የሚደርስባቸው ሰዎች አሉ፣ ተነሥተውም ምንም የማይሆኑ አሉ፣ ቱቦውም አስፕሪኑም የየራሱን ያዋጣል አለ። «መነሣቱ ግን አልረዳንም» ብሎ ተወው። ከዚያ መመርመሪያውን የጎጆው አንገት ላይ አነጣጥሮ፣ ስክሪኑን እያየ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ተጫነው። ክንዱ ሲዝል ቀና ይላል፣ አይቶ መልሶ ይጫናል። ጂሩ የአልጋውን ብረት ጨምድዶ በላብ ሰጠመ። በመጨረሻ ቀይና ሰማያዊው ቀጥ አለ፤ ስክሪኑ ላይ ጎጆው ጠቆረ።

«ደሙ ረግቷል» አለ ዶክተሩ። «እስከ ነገ ቀጥ ብለው ይተኛሉ። ተመልሶ ከተከፈተ እኔ የማደርገው የለም፤ አዲስ አበባ፣ ቀዶ ጥገና ነው። ስለዚህ ማንም ቢመጣ፣ ማንም…»

«ገባኝ» አለ ጂሩ። ዶክተሩ ሲወጣ የሚስቱን እጅ ይዞ ያኔ የሆነውን ሁሉ ነገራት። «እናትሽ እንዳይሰሙ። በሞቴ።»

ነገር ግን ጆቴ የሚባል ደግ ሰው አለ። ደግ ሰው ስልክ ሲይዝ መጠንቀቅ ነው። «አማችዎ ተኝቷል» ብሎ አንገር ጉቲን ደውሏል።

በማግስቱ ጠዋት፣ ዶክተሩ ዞሮ ሳያየው፣ ከኮሪደሩ ያ ድምፅ መጣ። «እንደምን አደራችሁ? የጂሩ ክፍል የቱ ነው?» ጂሩ ሁለቱንም የአልጋ ጠርዝ ያዘ። ቀኝ ጉልበቱ አንሶላው ሥር ተንቀሳቀሰ። መታሰቢያ ሮጣ ወጥታ በሩን በጀርባዋ ዘጋች። ጂሩ ከውስጥ ሁሉንም ይሰማል።

«እማዬ፣ አትግቢ።»

«ወየው! ሞተ እንዴ?»

«አልሞተም። ከገባሽ ይነሣል።»

«ኧረ እኔ ተኛ እለዋለሁ፣ ምን ያስጨንቅሻል?»

«ያኔም ብለሽው ነበር!» አለች መታሰቢያ። «ያኔ ላንቺ ሲነሣ ነው የተወጋው የፈነዳው። ደም ፈሶት ሸፈነብሽ። ይሄን ሁሉ ጊዜ ወሬሽ እንዳይበላሽ ብሎ ደብቆ፣ ሊሞትብኝ ነበር። አሁን ከተነሣ ያበቃል።»

ጂሩ ዓይኑን ጨፈነ። የፈራው ሁሉ ደረሰ፤ ሴትዮዋ አፍረው ይሄዳሉ፣ ከእንግዲህ ደጁን አይረግጡም።

«መታሰቢያ» አሉ ወይዘሮ ዓባይነሽ በመጨረሻ። «አጠገቡ አልጋ አለ?»

«አለ። ባዶ ነው። ምን ይሠራልሻል?»

በሩ ተከፈተ። ወይዘሮ ዓባይነሽ ነጠላቸውን ዓይናቸው ድረስ ተከናንበው፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ግድግዳ ግድግዳውን እየታከኩ ገቡ። ጂሩ «ኖ…» አለ፤ ክርኑ ተነሣ፣ አንገቱ ተነሣ። ቃሉን ሳይጨርሰው እሳቸው ባዶው አልጋ ላይ ወጥተው፣ በጀርባቸው ተዘርግተው፣ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ጎትተዋል።

«ተኝቻለሁ!» አሉ ጣሪያውን እያዩ። «እኔም ተኝቻለሁ። አሁን ማን ለማን ይነሣል? ይንገሩኝ እስቲ!»

ጂሩ ክርኑ ላይ እንደተንጠለጠለ አሰበ። ለገባ ሰው ይነሣሉ፣ ለቆመ ሰው ይነሣሉ። ለተኛ አማት? አባቱ አላስተማሩትም። ሕጉ የለም። ጉልበቱ ትእዛዝ አጥቶ ዝም አለ፤ ቀስ ብሎም ጭንቅላቱ ወደ ትራሱ ተመለሰ።

ሁለቱም ጣሪያውን ማየት ያዙ።

«ደም እንደፈሰሰዎ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?» አሉ ወይዘሮ ዓባይነሽ።

«አፈርኩ፣ እማማ።»

«እኔን አሳፈሩኝ እንጂ! ሞኝ አድርገው በሰንበቴው አስለፈለፉኝ። የሰው ደም እየፈሰሰ እኔ ፊቴ በራ!» ከዚያ በሌላ ድምፅ፣ እንደ ሕፃን፣ ጠየቁ። «ይነዝራል አሉ። ምን ይመስላል?»

«እንደ ንብ።»

«ያምማል?»

«ሲነዝር አያምም። ይገርማል እንጂ።»

«አሁንስ?»

ጂሩ መዳፉን በአንሶላው ላይ አስቀመጠ። አዳመጠ። «ዝም ብሏል።»

«ደህና አድርገው ያዳምጡ። አይቸኩሉ።»

እንዲህ ጀመሩና አላቆሙም። ስለ ጎጆው ነገራቸው፣ ስለ ቀይና ሰማያዊው፣ ስለ ዋንዛ ሥሩ ልቡ፤ እሳቸውም ባላቸው ወባ የያዘው ጊዜ እንዴት ለእሳቸው አባት ሊነሣ ብሎ እሳት ላይ እንደወደቀ ነገሩት። በዓመታት ያልተወራው በአንድ ጠዋት፣ ጣሪያ እያዩ ተወራ። መታሰቢያ መሀል ቆማ ወንበር እንኳ አላገኘችም።

ዶክተር ሮብሳን ሲገባ ሁለት የተኙ ሰዎች አገኘ። «እኚህ ታካሚ ማናቸው?» አለ።

«ኖር፣ ዶክተር!» አሉ ወይዘሮ ዓባይነሽ አንድ እጃቸውን ብቻ አንሥተው። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አልነሣም። ከተነሣሁ ይነሣብኛል።»

መመርመሪያው ሲቀመጥ ስክሪኑ ላይ የሚዞር ነገር አልነበረም። ጎጆው ጨለማ ነው። ዶክተሩ «ተዘግቷል» ሲል አማትየው እልል ያሉት ከተኙበት ነው።

ወይዘሮ ዓባይነሽ አንገር ጉቲን ተመልሰው ወሬያቸውን በአዋጅ ሻሩ። አሁን የሚሉት «አማቼ ተኝቶ ተቀበለኝ» ነው። ሰንበቴተኛው አይገባውም፤ ግራ ገብቶት ይጠይቃቸዋል፤ እሳቸውም ከመጀመሪያው ይጀምራሉ፣ ደሙን ሳያስቀሩ፣ የራሳቸውን ፊት መብራት ሳያስቀሩ።

የጂሩ ጉልበት ታረመ ያልኩ እንዳይመስላችሁ። ለቆጣሪ አንባቢው ዛሬም ብድግ ይላል። ወይዘሮ ዓባይነሽ ነቀምቴ ሲመጡ ግን ገና ከግቢው በር «ተቀምጫለሁ!» እያሉ ይጮኻሉ። ውሸት ነው፤ ቆመው እየመጡ ነው። ጂሩም ይህን እያወቀ፣ ራሱ በሠራው ሶፋ ላይ፣ ግማሽ ቂጡን አሳርፎ ይጠብቃቸዋል። ግማሹ ገና ነው።